ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዲህና ወዲያ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጅቡቲ ወደብ ናት። ስሟ ሲነሳ የሚታወሰን ኮንቴይነር፣ የወደብ ኪራይና በጋላፊ በኩል የሚሰለፈው ከባድ መኪና ነው። እዚያ የሚኖረው ሕዝብ በምን መንገድ አልፎ እዚህ እንደደረሰ ግን እምብዛም አንጠይቅም። የዚህች አገር ታሪክ የሚፈታው ካርታዋን አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ይመስለኛል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ጠልቆ ገብቶ ምድሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሰሜኑ ዳርቻ አፋሮች፣ ከደቡቡ በብዛት የኢሳ ሶማሌዎች ይኖራሉ። ፈረንሳይ መጀመሪያ ሰሜኑን ገዛች፤ ኋላ ትታው ወደ ደቡብ ተሻገረች። ያ መሻገር ያስከተለው ጣጣ ከመቶ ዓመት በኋላም ደም አፋሷል። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጅቡቲ የሚባል ከተማ አልነበረም። ወደቡ ታጁራ ነበር። በሱልጣን የምትተዳደረው ይህች የአፋር ከተማ ለሸዋ የባሕር በር ነበረች። በ1841 እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን ገጸ በረከት ይዞ ወደ አንኮበር የተነሳው ከታጁራ ነው። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም የተመላለሰው በዚያው መንገድ ነው። ሲራራው ከባሕሩ ተነስቶ አሳል ሐይቅን ይነካል። አሳል ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ዳሩ በጨው የነጣ፣ ሙቀቱ ሰውንም ግመልንም የሚያዝል ሥፍራ ነው። አፋሮች ጨዉን እየዛቁ በግመል ጭነው ወደ ደጋ ይወስዱታል። ከደጋ ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም በባርነት የተፈነገሉ ሰዎች ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። ስለ ታጁራ ብልጽግና ሲወራ ይህ የመጨረሻው ሊታለፍ አይገባም፤ ከከተማዋ ሀብት ትልቁ ድርሻ የተገኘው ከሰው ንግድ ነው።

እንግሊዞች ኤደንን በ1839 ከያዙ ወዲህ ፈረንሳዮች ከማዶው የአፍሪካ ዳርቻ አንድ መልሕቅ መጣያ ሲያማትሩ ቆዩ። ይህን ጉዳይ ሲያመቻች የነበረው በኤደን የፈረንሳይ ቆንስላ ወኪል ሄንሪ ላምበርት በ1859 በባሕሩ ላይ ተገደለ። ግድያው ፈረንሳይን ወደ አካባቢው ይበልጥ አስገባት እንጂ አላራቃትም። ማርች 11 ቀን 1862 በፓሪስ በተፈረመ ውል የአፋር ባላባቶች የኦቦክን መልሕቅ መጣያ ከነአካባቢው በ10,000 ማርትሬዛ ብር ለፈረንሳይ ለቀቁ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ገዢው ግን ሃያ ዓመት ያህል በቦታው አልሰፈረም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ መርከቦች በባብ ኤል መንደብ መጉረፍ ከጀመሩ በኋላም ኦቦክ ባዶዋን ነበረች።

ፈረንሳይን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የድንጋይ ከሰል ነው። በ1884 ከቻይና ጋር በምትዋጋበት ጊዜ እንግሊዞች በኤደን ለጦር መርከቦቿ ከሰል ከለከሏት። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ ያለ ከሰል መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያው ዓመት ሌዎንስ ላጋርድ የተባለ ወጣት ሹም ኦቦክ ገባ። ከታጁራና ከጎባድ ሱልጣኖች ጋር ወዲያው ተዋዋለ፤ በማርች 1885 ደግሞ ከኢሳ ሽማግሌዎች ጋር ተፈራረመ። በእነዚህ ወረቀቶች ፈራሚዎቹ ያገኙ የመሰላቸው ጥበቃና ወዳጅነት ነበር። ፈረንሳይ ግን ወረቀቶቹን ሰብስባ አገር አደረገቻቸው።

ኦቦክ ለማዕበል የተጋለጠች፣ ወደ ኢትዮጵያ ደጋም የማትቀርብ ነበረች። ከባሕረ ሰላጤው ደቡብ ግን ከነፋስ የተከለለ ውሃ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ በኢሳዎች ምድር ወደ ሐረር መውጣትም ይቀላል። በፌብሩዋሪ 1888 ፈረንሳይና እንግሊዝ ወሰን ተካለሉ፤ በዚያው ዓመት በደቡቡ ዳርቻ ጅቡቲ ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ አስተዳደሩ ተሻገረ፣ ኦቦክ ወና ቀረች። በ1896 ግዛቱ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ተባለ። የመጀመሪያውን መሬት የሸጡት አፋሮች በስሙ ውስጥ እንኳ አልነበሩም።

ምኒልክ በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ይፈልጉ ነበር፤ ታጁራም ጠመንጃ ታቀርብ ነበር። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ በ1886 አብዛኛውን ወራት ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ ከርሞ መሣሪያውን ወደ ሸዋ ያጓዘው በዚህ በር ነው። የዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ወዳጅነት ጠነከረ። በማርች 1897 ላጋርድ አዲስ አበባ መጥቶ የጠረፉን ወሰን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተፈራረመ፤ የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕረግም ከምኒልክ አገኘ። በዚያ ወሰን የኢሳም የአፋርም የግጦሽ መሬት ተከፈለ። ግመሎቹ እንደ ወትሮው ውሃና ሣር ተከትለው ሲሻገሩ ኖሩ።

ዋናውን ለውጥ ያመጣው ባቡሩ ነው። ምኒልክ ሐዲድ የመዘርጋቱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1894 ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ፣ በደረቅ ወንዞች የተሰነጣጠቀ በረሃ ነው። ሐዲዱ በኢሳዎች የግጦሽ መሬትና የውሃ ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ማንም አላማከራቸውም። እነርሱም ካምፖቹን አጠቁ፣ ሠራተኞች ሞቱ፣ ኩባንያውም ለጎሣ መሪዎቹ እየከፈለ መንገዱን ማስጠበቅ ግድ ሆነበት። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ሊወጣላት አልቻለም፤ ከግርጌው አዲስ ከተማ በቀለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ተቀብሎ ነበር፤ በምትኩ መንግሥቱ በሐዲዱ ላይ ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ለንግድ የተሰጠ ፈቃድ የባዕድ መንግሥት እጅ መግቢያ መሆኑን ተረድተዋልና ትክክል ነበሩ። ኩባንያው ከሰረ፣ በ1908 አዲስ ኩባንያ ተተካ፣ ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከባሕር እስከ መናገሻው በሲራራ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደሩ የሦስት ቀን ሆነ።

አዲስ አበባ ላይ ለገሀር የምንለው ጣቢያ ያመጣልንን ሁሉ እናውቃለን። በሌላው ጫፍ የሆነውን ግን እንየው። ሐዲዱ በደቡብ በኩል ስለሄደ ንግዱም ሥራውም ደመወዙም በደቡብ ተከማቸ። የወደቡ ወዛደር፣ የባቡሩ ሠራተኛ፣ የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ አብዛኛው ሶማሌ ሆነ። የመናዊ ዓረቦች ሱቁን፣ ግሪኮችና አርመኖች ሆቴሉንና ንግዱን ያዙ። በሰሜን የታጁራ ሲራራ ደረቀ። ለዘመናት ለሸዋ በር የነበረችው ከተማ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ዓሣ አስጋሪና ጀልባ ሠሪ ብቻ ቀሩባት። አፋሮችን ማንም በጦር አላሸነፋቸውም፤ መንገዱ ነው የተወሰደባቸው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከዚህ ጠረፍ የተመለመሉ ወታደሮች የሶማሌ ሻለቃ በሚል ስም ወደ ፈረንሳይ ተጫኑ። በኦክቶበር 1916 በቬርደን የዱዎሞን ምሽግ ሲመለስ ከአጥቂዎቹ መካከል ነበሩ። በረሃ ተወልዶ በአውሮፓ ጭቃና ውርጭ ውስጥ የተዋጋው ሰው ሲመለስ ያገኘው ኒሻን እንጂ የድምፅ መብት አልነበረም።

ቀጥሎ ፋሺስት ኢጣሊያ መጣች። በጃንዋሪ 1935 የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር ሲስማማ ከሰሜኑ ጠረፍ ቁራሽ መሬትና 2,500 የባቡር ኩባንያ አክሲዮኖች ሊያስተላልፍ ፈረመ። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው መሣሪያ መሰናክል በዛበት። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው በባቡር ጅቡቲ ደረሱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። ከኋላቸው ብዙ ስደተኛ በዚያው ሐዲድ ተከተለ።

በ1940 ፈረንሳይ ለጀርመን ስትንበረከክ ጅቡቲ በቪሺ መንግሥት ሥር ወደቀች። አገረ ገዢው ኑዋይሄታስ እጅ አልሰጥም አለ፤ እንግሊዞችም በባሕርም በየብስም ከበቡት። በ1941 ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ የድሬዳዋ መንገድም ተዘጋ። ከተማዋ የራሷ እህል፣ የራሷ አትክልት የላትም፤ ሁሉም ከውጭ ነው። የቀረላት በሌሊት ከየመን ሾልከው የሚመጡ የሸራ ጀልባዎች የሚያደርሱት ጥቂት ምግብ ነበር። የጭነት እንስሳት ታረዱ። በአትክልትና በፍራፍሬ እጦት የሚመጣው ድድ የሚያደማ በሽታ ገባ፤ ሕጻናትና ሽማግሌዎች አለቁ። በመጨረሻ በዲሴምበር 1942 ግዛቱ ወደ ደ ጎል ወገን ዞረ። ስለዚያ ዘመን የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ቪሺና ስለ ነጻ ፈረንሳይ ፉክክር ነው። የተራበው ግን ከሁለቱ አንዱንም ያልመረጠ ሕዝብ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ግዛቱ የባሕር ማዶ ክልል ተባለ፤ በ1949 ነጻ ወደብ ሆነ፣ ከዶላር ጋር የተሳሰረ የራሱ ፍራንክም ወጣለት። ምርጫ ተጀመረ፣ ከዚያም ማሕሙድ ሐርቢ ብቅ አለ። ቀድሞ በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረ ሶማሌ ነው። በፓሪስ ምክር ቤት እንደራሴ፣ በ1957 ደግሞ የአካባቢው መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በሴፕቴምበር 1958 ደ ጎል ቅኝ ግዛቶቹን ሁሉ ከእኔ ጋር ትቆያላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ ብሎ ሲጠይቅ ሐርቢ እንሂድ ብሎ ቀሰቀሰ። ጎረቤት ሶማሊያ ነጻ ልትወጣ ተቃርባ ነበር፤ ሶማሌዎቹ ከእርስዋ ጋር መዋሐድ ይሹ ነበር። አፋሮችና አውሮፓውያን እንቆይ አሉ፤ ከኢሳዎቹም ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ከእነዚህ ጋር ወገነ። 75 ከመቶው ለመቆየት ድምፅ ሰጠ። ሐርቢ ከሥልጣን ወረደ፣ ተሰደደ፣ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከዚህ ወዲያ ፈረንሳይ ፊቷን አዞረች። ግማሽ ምዕተ ዓመት ረስታቸው የነበሩትን አፋሮች አሁን ታማኝ ብላ አቀረበች፤ አሊ አሬፍ ቡርሃን የተባለ አፋር የአካባቢው መንግሥት መሪ ሆነ። ሶማሌው በብዛት በሚሠራበት ወደብ ላይ ከሰሜን የመጡ የአፋር ወዛደሮች ገቡ፤ አርሂባ የሚባል ሰፈርም ተሠራላቸው። ሁለቱ ሕዝቦች በአፋር ሱልጣኖችና ኡጋስ በሚባሉት የኢሳ መሪዎች ዘመንም በግጦሽና በውሃ ይጣሉ ነበር፤ ይዋለዱና ይታረቁም ነበር። አሁን ግን ጠቡ ሥራ የማግኘትና የማጣት፣ ዜጋ የመሆንና ያለመሆን ጠብ ሆነ። በዚህ ለፈረንሳይ ይቅርታ ላደርግ አልችልም።

ኦገስት 25 ቀን 1966 ደ ጎል ራሱ ጅቡቲ ገባ፤ ወደ አዲስ አበባና ወደ ካምቦዲያ ሲያልፍ ነበር። ሕዝቡ ነጻነት የሚል ጽሑፍ ይዞ ጎዳና ላይ ጠበቀው። ያልታሰበ ነገር ነበር። በቆየባቸው ሁለት ቀናት በተነሳው ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ በአደባባይ ሊያደርገው የነበረው ንግግርም ተሰረዘ። ብዙ ሳይቆይ ፓሪስ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ አስታወቀች። ሞቃዲሾ ምድሩ የሶማሌ ነው አለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ፈረንሳይ ከወጣች ጅቡቲ የኢትዮጵያ ናት አሉ። የጅቡቲን ሰው ምን ትፈልጋለህ ብሎ ከልቡ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም፤ ይህ የእኛንም መንግሥት ይጨምራል።

ድምፁ ማርች 19 ቀን 1967 ተሰጠ። ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ወረቀት የላችሁም ተብለው ወደ ጠረፉ ተጓዙ፤ ሶማሊያም አልቀበልም እያለች ብዙዎች በሁለቱ መካከል በሜዳ ላይ ቀሩ። 60 ከመቶ እንቆይ አለ። አፋሩ በአብዛኛው እንቆይ፣ ሶማሌው በአብዛኛው እንሂድ ብሎ ስለነበር ውጤቱ የተወሰነው በመራጮች መዝገብ ላይ ማን እንደሰፈረና ማን እንዳልሰፈረ ነው። በውጤቱ ማግስት እንደገና ተኩስ ተከፈተ። በጁላይ የግዛቱ ስም የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ከተማዋ ታጠረች። ነዋሪው ባራዥ የሚለው ይህ አጥር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን የሚሄድ እሾሃማ ሽቦ ነበር። የጥበቃ ማማ ነበረው፣ ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር፣ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ወታደሮችም ይጠብቁት ነበር። ዓላማው የሶማሌ አርብቶ አደር ወደ ከተማው እንዳይገባ መከላከል ነበር። ሰዎች ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ወይም ውስጥ ያለ ቤተሰባቸውን ለማየት ሲሉ በሌሊት ሽቦውን ለማለፍ ሞከሩ፤ ፈንጂው የገደላቸውና አካላቸውን የቆረጣቸው ብዙ ናቸው። መግባት ያልቻለው ከአጥሩ ውጭ፣ ከኬላው አጠገብ፣ በቆርቆሮና በካርቶን ጎጆ ቀለሰ። ባልባላ የሚባለው ሰፈር አጀማመሩ እንዲህ ነው።

የ1970ዎቹ ዓመታት በፍጥነት ሄዱ። ጉሌድና አፋሩ አሕመድ ዲኒ ለነጻነት የቆመ አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1958 እንቆይ ያለው ሰው አሁን የነጻነቱ መሪ ሆነ። በሶማሊያ የሚደገፈው ታጣቂ ግንባር በ1975 በሞቃዲሾ የፈረንሳይን አምባሳደር አገተ። በፌብሩዋሪ 1976 ደግሞ የፈረንሳይ ወታደሮችን ልጆች የጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሎያዳ ጠረፍ ላይ አስቆመ። የፈረንሳይ ኮማንዶዎች ሲተኩሱ በተፈጠረው ውጊያ ሁለት ሕጻናት ሞቱ። ልጆችን መያዣ ማድረግ ምንም ዓላማ አያጸድቀውም። ፓሪስ ግን ከዚያ በኋላ መቆየት እንደማያዋጣት ገባት። የዜግነት ሕጉ በ1976 ላልቶ መዝገቡ ተለወጠ፣ አሊ አሬፍም በዚያው ዓመት ወረደ፣ ደርግም የጅቡቲን ነጻነት እንደሚያከብር አስታወቀ። በሜይ 1977 በተደረገው ሦስተኛ ሕዝበ ውሳኔ መራጩ ሁሉ ማለት ይቻላል ነጻነትን መረጠ።

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ሰንደቁ ተሰቀለ፤ ጉሌድ ፕሬዚዳንት፣ ዲኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የፈረንሳይ ጦር ግን አልወጣም። በዚያው ሰኔ የኦጋዴን ውጊያ ተፋፍሞ የባቡሩ ድልድዮች ፈንጂ ተጠምዶባቸው ነበርና አዲሲቱ አገር የተወለደችው ዋና ገቢዋ ተቆርጦ፣ ስደተኛ እየጎረፈባት ነው። የአፋርና የኢሳ ትብብር ስድስት ወር ብቻ ቆየ፤ በዲሴምበር ዲኒ ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1981 አገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች፣ ጦሩና ደኅንነቱም በደቡቡ ሰው እጅ ተጠቃለለ።

በኖቬምበር 1991 ሰሜኑ አመፀ። ፍሩድ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የአፋር ግንባር በአጭር ጊዜ አብዛኛውን የሰሜን ገጠር ይዞ ታጁራንና ኦቦክን ከበበ። በዲሴምበር 18 የጸጥታ ኃይሎች አርሂባ ገብተው ተኮሱ፤ ያ ለአፋር ወዛደሮች የተሠራ ሰፈር በአንድ ቀን ብዙ ሰው ቀበረ። መንግሥት በ1994 መጨረሻ ከግንባሩ አንድ ክንፍ ጋር ታረቀ፤ በዲኒ የሚመራው ሌላው ክንፍ እስከ 2001 ስምምነት ድረስ ቆየ። በዚያ መሃል፣ በ1999፣ ኢስማኢል ዑመር ጌሌ አጎታቸውን ጉሌድን ተክተዋል።

ከኤርትራ ጋር የተደረገው የ1998ቱ ጦርነት የአሰብን ወደብ ሲዘጋብን ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና ወጪ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ሆነ። አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ የሌጌዎኑ ካምፕ በነበረው ሌሞኒዬ ሰፈረች፤ ጃፓን በ2011፣ ቻይና በ2017 የጦር ሰፈር ከፈቱ። አሁን ኪራዩን የሚቀበለው የጅቡቲ መንግሥት ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የቻይና ባቡርም በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ እርሱም እንደ አሮጌው በደቡብ በኩል ነው። በ2017 ለኢትዮጵያ ሰሜናዊ ክፍሎችና ለአፋር ፖታሽ ታስቦ በታጁራ ወደብ ተመረቀ፤ ለአፋሩ ዳርቻ ከመቶ ዓመት በላይ የዘገየ ነው።

ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ መብራት፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከሶማሌ ክልል ከተቆፈረ የከርሰ ምድር ጉድጓድ ውሃ ከእኛ ታገኛለች፤ ቧንቧው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ጉድጓዱ ያለው በ1897 ውል ለሁለት በተከፈለው የኢሳዎች የግጦሽ መሬት ውስጥ ነው። እነዚያ አርብቶ አደሮች ዛሬም ዝናብ ሲጠፋ ከብታቸውን ነድተው ወዲህና ወዲያ ይሻገራሉ፤ ዘመዶቻቸውም ከፊሉ የኢትዮጵያ፣ ከፊሉ የጅቡቲ መታወቂያ ይዘዋል።